“ተፈቅዷል” ያልኩ ዕለት

ከሁሉ በፊት ስለ እኔ አንድ ነገር ልንገራችሁና ከዚያ እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ፣ እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፣ አባቴ በወጣትነቱ ከአምቦ መጥቶ ልደታ ላይ ቤት ቀልሶ ነው ያሳደገን፣ እኛ ቤት ስለ ጂን፣ ስለ ሙት መንፈስ ምናምን ማውራት የጀመረ እንግዳ ካለ እናቴ ሻዩን እንኳ ሳያስጨርስ ወሬ ታስቀይረዋለች፣ ዩኒቨርሲቲ እያለሁም ጓደኞቼ ዶርም ውስጥ ተሰብስበው “እገሊት እንዲህ ያለ ነገር አየች” ሲባባሉ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛና ጠዋት “እህስ፣ ፈርታችሁ አደራችሁ?” እያልኩ ሳሾፍባቸው ነበር የምውለው። ዛሬም ቢሆን አምናለሁ አልላችሁም። የማላምነው ነገር ደረሰብኝ፣ ይኸው ነው፣ ደግሞ እመኑኝ፣ እስካሁን እረፍት የነሳኝ ፍርሃቱ አይደለም፣ ሀፍረቱ ነው።

ልደታ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፣ የድራማ ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። ግንቦት ሲገባ ርዕሰ መምህራችን ቢሮው አስጠራኝና “ሌንሳ፣ ዘንድሮ ለወላጆች በዓል ስለ ቀይ ሽብር አጭር ቲያትር ብታዘጋጂ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ የሆነውን ይወቁት፣ ግን አደራሽን አጭር ትሁን፣ ደግሞ ከዛሬ ጋር የሚያነካካ ነገር እንዳይገባባት” አለኝ፣ እኔም “ችግር የለም” ብዬ ወጣሁ።

ለክበቡ ልጆች ስነግራቸው አንዱ ከኋላ ሆኖ “ቲቸር፣ ቀይ ሽብር ፊልም ነው?” ብሎ ጠየቀኝ፣ ልጆቹ ሳቁበት፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ግን ውስጤን ትንሽ ሸነቆጠኝ፣ ምክንያቱም እኔስ ከዚህ ልጅ በምን እሻላለሁ? ተማሪ እያለሁ በአንድ ክፍለ ጊዜ ፈጠን ብለን ያለፍነው ነገር ነው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ስለዚያ ዘመን አይወራም ነበር፣ አባቴ ሬዲዮ ላይ የዘመኑ ስም ሲነሳ እንኳ ምንም ሳይል ይነሳና ድምፁን ይቀንሰዋል፣ ለምን ብለን ጠይቀነው አናውቅም። ያም ሆኖ ቅዳሜና እሑድን ተቀምጬ ጻፍኩት። አንዲት እናት ማለዳ ዳቦ ልትገዛ ትወጣለች፣ መንገድ ዳር ልጇ ተገድሎ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ተጥሎ ታገኘዋለች፣ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ አጠገቡ ቆሟል፣ እናትየዋ ሬሳው ላይ ተደፍታ ሙሾ እያወረደች ታለቅሳለች፣ መጋረጃው ይዘጋል። ሙሾውን ራሴ ነኝ የገጠምኩት፣ አትታዘቡኝና ኮርቼበትም ነበር፣ ለባልደረቦቼ ሁሉ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ።

እናትየዋን እንድትሠራ የመረጥኳት ሶልያናን ነው፣ ድምፀ መልካም፣ አስቂኝ፣ አሥረኛ ክፍል ውስጥ እሷን የማያውቅ የለም፣ ሟቹ ደግሞ ናቲ ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ “ቲቸር፣ ተኝቼ ማርክ የማገኝበት ብቸኛው ትምህርት ይሄ ነው” እያለ የሚቀልድ ልጅ።

የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ቀለም እየተቀባ ስለነበር ወደ አብነት መሄጃ ላይ ያለ አንድ የድሮ የቀበሌ አዳራሽ ለልምምድ ተሰጠን። ከትምህርት በኋላ በእግራችን እንሄዳለን፣ ልጆቹ መንገድ ላይ ሳምቡሳ ይገዛሉ፣ እኔ “ታክሲ! ታክሲውን እዩ!” እያልኩ ከኋላ እጮሃለሁ። አዳራሹ ምንም የተለየ ነገር የለውም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከመድረኩ በስተኋላ ደግሞ በትልቅ ጓጉንቸር የተቆለፈ የብረት በር አለ፣ የአዳራሹን ቁልፍ የሰጠን ሰውዬ “እሱን ተዉት፣ ከወዲያ ያሉት ክፍሎች የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ናቸው” አለን፣ እኛም ተውነው።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ላይ ሶልያና ሙሾውን “ልጄ…” ብላ ስትጀምር፣ ከኋላ “እሽሽሽ” የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናት ሕፃን ስታባብል እንደምትለው ዓይነት፣ ለስላሳ፣ ግን የቸኮለ። ከልጆቹ አንዱ እየረበሸ መስሎኝ “ማነው?” አልኩ። ሶልያና እንደገና ጀመረች፣ እንደገና “እሽሽሽ”፣ አሁን ደግሞ ከግራ በኩል። ተቆጣሁ፣ ሁሉንም ፊት ለፊቴ አሰለፍኳቸውና አስጀመርኳት፣ ሁሉም አፋቸው ተዘግቶ እያየኋቸው ነው፣ በሞቴ፣ ዓይኔ እነሱ ላይ ነበር፣ “እሽሽሽ” አለ። ዝናብ ጀማምሮት ስለነበር “የቆርቆሮው ፍሳሽ ነው” አልኩ፣ ለእነሱ ነው ያልኩት፣ ለራሴም ጭምር።

በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ናቲ ከወለሉ ብድግ ብሎ “ሶሊ፣ ሙድ አትያዢብኝ” አለ።

“ምን አደረግኩህ?”

“ግንባሬን ጠረግሽኝ አይደል? ደግሞ የሸሚዜን ቁልፍ ስትቆልፊ ነበር።”

ሶልያና እኮ ገና መድረኩ ጫፍ ላይ ቆማ ተራዋን እየጠበቀች ነበር። ልጆቹ “ኧረ ጀለሴ፣ እያለምክ ነው” ብለው አላገጡበት፣ እኔም “ማርክ አገኛለሁ ብለህ እውነትም ተኛህ እንዴ?” አልኩት፣ እሱም ሳቀ፣ ግን እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ነበር፣ ሲመጣ ደረቱ ድረስ ከፍቶት የነበረው ሸሚዝ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ይህንን አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ፣ እንዲያውም “በሉ ከመጀመሪያው!” ብዬ አጨበጨብኩ፣ ሰው የማይፈልገውን ነገር ሲያይ የሚያደርገውን አደረግኩ።

እሳቸውን ያየኋቸው በዓሉ በጣም በተቃረበበት ቀን ነው። ከሰዓት ነበር፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በበሩ በሚገባው ብርሃን ነበር የምንሠራው፣ ዘወር ስል በሩ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጠዋል፣ ጥቁር ቀሚስ፣ የነጣ ነጠላ፣ ጭናቸው ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዘዋል። ሲገቡ አላየኋቸውም፣ ግን ሰው ዝናብ ሲያመልጥ ቢገባ ምን ይገርማል? ደግሞ ለልጆቹ መክሰስ የሚያመጡ ቤተሰቦች አሉ። ቀረብ ብዬ ሰላም አልኳቸውና “የማን አያት ነዎት እማማ?” አልኩ።

“እናት ነኝ” አሉኝ።

“የማን?”

አፋቸውን ሳይከፍቱ በአገጫቸው ወለሉ ላይ የተኛውን ናቲን አሳዩኝ። ለናቲ እናትነት ትንሽ የገፉ መሰሉኝ፣ ግን የሰው ዕድሜ እኔን ምን አገባኝ ብዬ “ጎበዝ ልጅ ነው ያለዎት፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ” ብዬ ተመለስኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ከልጁ ላይ አልነቀሉም።

ልምምዱ ግን አልሆነልኝም። ሶልያና ሙሾው ጋ ስትደርስ ሳቋ ይመጣባታል፣ እሷ ስትስቅ ናቲ ይስቃል፣ ሬሳው ሲስቅ ጠመንጃ የያዘው ልጅ ይስቃል፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ይንጫጫል። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ እንደገና ተቆጣሁ፣ “አስለቅሱኝ እንጂ! ወላጆቻችሁን ማስለቀስ አለባችሁ! ማልቀስ እንዴት ያቅታል?” ብዬ ጮህኩ፣ ይህችን ቃል ስናገር ሴትየዋ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ዓይናችን ሲገጣጠም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ጥሩ ሐሳብ የመጣልኝ መሰለኝ።

“እማማ፣ እባክዎ” አልኳቸው፣ “እርስዎ የሰው ለቅሶ ደርሰው ያውቃሉ፣ እነዚህ የዘመኑ ልጆች አልገባቸውም፣ ልጅ የሞተባት እናት እንዴት እንደምታለቅስ አንዴ ያሳዩልኝ።”

ሳህናቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ፣ መጡና አጠገቤ ቆሙ፣ በጣም ተጠግተውኝ፣ መጀመሪያ በሩን አዩ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ የያዘውን ልጅ አዩት፣ ጠመንጃው ጥቁር ቀለም የተቀባ ጣውላ እኮ ነው፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“ተፈቀደ እንዴ?” አሉኝ።

አልገባኝም። “ምኑ እማማ?”

“ማልቀሱ።”

እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደመለስኩ ስነግራችሁ አፍራለሁ። ሳቅኩ። ልጆቹም እየሰሙን ነበርና ለእነሱ ጭምር እንዲያስቅ ብዬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ “አዎ እማማ! ተፈቅዷል! እንደ ልብዎ!” አልኩ።

“ማን ፈቀደ?”

“እኔ! እኔ ነኝ የፈቀድኩት!”

ልጆቹ አጨበጨቡ። ሴትየዋ ግን አልሳቁም፣ እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ቃል ተቀብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሳህናቸውን ከናቲ ራስጌ አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው ለበሱት፣ ሲጠብቁት እንደቆዩት ሥራ ነበር የሚሠሩት። ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ደረታቸው ወደ ላይ ተነሳ፣ ድምፅ የለም። እኔ እንዲያውም “ዕድሜ ነው፣ አቃታቸው” እያልኩ ነበር በልቤ።

ከዚያ መጣ።

እኔ ለቅሶ አውቃለሁ፣ አያቴን ቀብሬያለሁ፣ የጎረቤት ለቅሶ ላይ አድሬያለሁ፣ ያንን ግን ሰምቼ አላውቅም፣ በምን እንደምመስልላችሁም አላውቅም፣ ጩኸት አልነበረም መጀመሪያ፣ ስም ነበር፣ የሆነ ስም እየጠሩ ነበር፣ የናቲ ስም አይደለም፣ ስሙን ልያዘው እላለሁ ከጆሮዬ ያመልጠኛል፣ እየደጋገሙ ሲጠሩት እየከፋ፣ እየሰፋ ሄደ፣ የዝናቡ ድምፅ ጠፋብኝ። ናቲ ተኝቶ እንዳለ እንባው በጉንጩ በሁለቱም በኩል ይወርዳል፣ ሊነሳ እየሞከረ አልቻለም፣ በኋላ ሲነግረኝ “ቲቸር፣ ደረቴ ላይ እጃቸው ነበር፣ ከባድ አይደለም፣ ግን ብነሳ የምገፈትራቸው መሰለኝ” ነው ያለኝ። ሶልያና አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። እና ደግሞ፣ ይህንን የምነግራችሁ ልጆቹ ሁሉ ስለሰሙት ነው፣ እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ዋጥ አደርገው ነበር፣ ከዚያ ከተቆለፈው የብረት በር ወዲያ ሌሎች ሴቶች ተቀበሏቸው። ለቅሶ ቤት አንዷ አልቃሽ ስታወጣ ሌሎቹ እንደሚቀበሉት። አንድ ሁለት አይደሉም። ብዙ ናቸው።

ምን ያህል እንደቆየ አልነግራችሁም፣ አላውቅም። ያስቆመው የተከፈተው የአዳራሹ በር መንኳኳት ነው። ዞር አልኩ።

ደጁ በሰው ተሞልቷል። ጃንጥላ የያዙ፣ ላስቲክ የተከናነቡ፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ሴቶቹ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ አንዷማ ደረቷን እየመታች ነው የደረሰችው። ከፊት ጋሽ ወርቁ አሉ፣ ከአዳራሹ ማዶ የሚኖሩ፣ በየቀኑ ስናልፍ “እደጉ” እያሉ የሚመርቁን ሽማግሌ ናቸው፣ ጋቢያቸው በዝናብ ረጥቦ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል።

“ልጄ፣ ማን አረፈ?” አሉኝ።

“ማንም” አልኩ፣ “ማንም አላረፈም ጋሼ። ቲያትር ነው። ልምምድ ላይ ነን።”

“ቲያትር” አሉ።

“አዎ።”

ደረቷን ስትመታ የነበረችው ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ጋሽ ወርቁ አዩኝና “እኛ እኮ ድምፁን እናውቀዋለን” አሉ።

“እሳቸው ናቸው ያለቀሱት” ብዬ ሴትየዋን ላሳያቸው ዞርኩ። ወለሉ ላይ ናቲ ብቻ ነው የተኛው። ሳህኑም የለም። ልጆቹ ሁሉም ዓይናቸው ወደ ብረት በሩ ነው፣ “ወደዚያ ገቡ” አለች ሶልያና በቀጭን ድምፅ፣ እኔ ሄጄ ጓጉንቸሩን ያዝኩት፣ እንደተቆለፈ ነው፣ ዝገቱ እጄ ላይ ቀረ።

ጋሽ ወርቁ ወደ በሩ አልቀረቡም። ባሉበት ሆነው፣ ለእኔ ይሁን ለልጆቹ በማይታወቅ ሁኔታ፣ “ያኔ የተያዙትን ልጆች እዚያ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጧቸው” አሉ፣ “እናቶቻችን ስንቅ ይዘው እዚህ ደጅ ይቆማሉ፣ አንድ ቀን ሳህኑን አንቀበልም ይባላሉ፣ ያን ጊዜ ያውቁታል። ድምፅ ማውጣት ክልክል ነበር። ነጠላ ማዘቅዘቅም ክልክል ነበር። ሬሳውን መንገድ ላይ ቢያገኙት እንኳ አላውቀውም ብለው ነው የሚያልፉት፣ ቤት ሌላ ልጅ አላቸዋ። እናቴ ወንድሜን አልፋው ሄዳለች። ዳቦዋን ገዝታ ነው የተመለሰችው።”

የጻፍኩት ሙሾ እጄ ውስጥ ነበር። አጣጥፌ ደበቅኩት፣ እንደ ሌባ።

ከዚያ ያደረጉትን ስሙኝ፣ ይሄዳሉ ስል ገቡ። ጥግ ላይ የተደራረቡትን ወንበሮች ራሳቸው እያነሱ ደረደሩና ተቀመጡ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጠው፣ ግድግዳውን ይዘው። አንድም ቃል የተናገረ የለም፣ ያለቀሰም የለም። ልጆቼም አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ስልክ ያወጣ ልጅ አላየሁም። ዝናቡ ሲያባራ አንድ በአንድ ተነሱ፣ ሲወጡ ደግሞ በየተራ ወደ እኔ እየመጡ እጄን ይዘው “እግዜር ያጥናሽ”፣ “አላህ ያጽናሽ” አሉኝ። እኔን! ምን ማለት ነበረብኝ? የእኔ ሐዘን አይደለም ልበል? “አሜን” አልኩ፣ ለሁሉም “አሜን” አልኩ፣ የማይገባኝን ማጽናናት ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ የናቲን እናት አስጠራሁ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጠበቃ ቢሮ የምትሠራ፣ እኔን የምታህል፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት። “እኔ መች መጣሁ? ልጄ አጥፍቶ ነው እንዴ?” አለችኝ፣ አያቶቹ አንዳቸውም በሕይወት የሉም። ጋሽ ወርቁን ስለ ሴትየዋ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር፣ መልካቸውን፣ ቀሚሳቸውን፣ ሳህኑን ነገርኳቸው፣ በጥሞና ሰሙኝና “እንዲህ ያሉ ብዙ ነበሩ” ብቻ አሉኝ።

ቲያትሩ ቀረ። ወሬው ለርዕሰ መምህሩ ደርሶ ነበርና “ይቅር ሌንሳ፣ የሰፈሩ ሰው ተረብሿል አሉ፣ ለምን ቁስል እንነካለን” አለኝ፣ መታገል ነበረብኝ፣ ሙሾውን ቀድጄ ጋሽ ወርቁ የነገሩንን እንደወረደ ልናሳይ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሸክም የወረደልኝ ያህል ነው ደስ ያለኝ። በበዓሉ ቀን ልጆቹ ስለ ሰላም ግጥም አነበቡ፣ ችግኝ ተከልን፣ ፎቶ ተነሳን። ሶልያና አልተነሳችም። ከዚያ ወዲህ ክበቡንም ትታለች፣ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ስታገኘኝ “ቲቸር፣ እየሳቅን ነበር እኮ” አለችኝ፣ እኔም “ክፍል ግቢ” አልኳት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት አልጽፈውም ነበር።

ሰኔ ሲገባ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የግቢው ዘበኛ ጠራኝ። በር ላይ አንዲት አሮጊት ቆመዋል፣ ደነገጥኩ፣ ግን እሳቸው አይደሉም፣ እኚህን ዘበኛውም ያውቃቸዋል፣ እማማ ዘነበች ይባላሉ፣ ቤታቸው ለልማት ከፈረሰ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ገብተው የሚኖሩ፣ ልደታ ማርያም የሚያስቀድሱ፣ ከዘራ ይዘው የሚሄዱ፣ ደህና ሰው ናቸው።

“መምህርቷ አንቺ ነሽ?” አሉኝ።

“አዎ እማማ፣ ምን ልታዘዝ?”

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “የምትፈቅጂው አንቺ ነሽ አሉ።”

ያንን ቃል የተለዋወጥነው አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ልጆቹ ለማንም አልተናገሩም፣ አንድ በአንድ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ሁሉም ምለውልኛል፣ ለሰፈሩ ሰውም ለርዕሰ መምህሩም እኔ ይህችን ነገር አልነገርኩም። “ማን ነገረዎት?” አልኩ።

“እናቶች ናቸዋ” አሉኝ፣ የታወቀ ነገር እንደምጠይቃቸው ሁሉ። “እኔም የበኩር ልጄን ነበር የገደሉብኝ። ድንኳን አልጣልኩለትም፣ ለቅሶ አልተቀመጥኩለትም። ተፈቅዷል ሲሉኝ፣ ቤቱ ፈርሷል የት እቀመጣለሁ ብዬ ትንሽ ቆየሁ። አሁን ከጎረቤቴ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ሳሎኗን ትሰጠኛለች። ካንቺ አፍ ልስማውና ልሂድ ብዬ ነው።”

“አዎ” ማለት ብቻ ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት፣ ያኔ ለሳቅ ብዬ እጄን ዘርግቼ የወረወርኳት ቃል። ዘበኛው ይሰማል፣ ርዕሰ መምህሩ በቢሮው መስኮት ቁልቁል ያየናል፣ ደግሞ እኔ ማን ነኝ ሐዘን የምፈቅድ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በጭንቅላቴ ሮጠና “እማማ፣ ተሳስተው ነው፣ እኔ አማርኛ ነው የማስተምረው” አልኳቸው።

ፊታቸው አልተለወጠም። ይህንን መልስ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው አልነበረም።

“ገና ነው ማለት ነው?” አሉኝ።

ቀና ብዬ የቢሮውን መስኮት አየሁ።

“ግድ የለም፣ እኛ ለምደናል፣ እደጊ ልጄ” ብለው ጉንጬን ዳበስ አድርገውኝ፣ በከዘራቸው ጭቃውን እየፈተሹ መንገዱን ተሻገሩ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ተከትዬ ሮጬ “ተሳስቼ ነው፣ ተፈቅዷል” ልላቸው ስል ደወል ተደወለ፣ ደወሉን ሰበብ አድርጌ ገባሁ።

ከእሳቸው በኋላም መጥተዋል። አንዳንዶቹን ዘበኛው ያውቃቸዋል፣ አንዳንዶቹን “ከየት እንደሆኑ እንጃ” ይለኛል። አሁን ይህንን መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ስጽፍላችሁ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ዘበኛው ብቅ ብሎ ነበር፣ “ቲቸር፣ በር ላይ የሚፈልጉሽ እናት አሉ” አለኝ። “መጣሁ በላቸው” አልኩት። አልተነሳሁም።